የጀማሪ እጅ

በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን ማንም የማያወግዘው አንድ ክፉ ልማድ አለ። የማይወገዘው ደግነት መስሎ ስለሚመጣ ነው። ልጅ የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ ሲል እናት “ቆይ፣ እኔ ላስርልህ፣ ረፍዷል” ትላለች። አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ ፊደል ስትፈላልግ አለቃዋ “እስቲ ተነሺ” ብሎ ወንበሯን ይወስዳል። ሥራው ያልቃል፤ ሰውየው ግን ባለበት ይቀራል። ይባስ ብለን “እግዜር ይስጥልን” ብለን እናመሰግናለን! እኔ በበኩሌ ጨጓራዬ ተልጦ አልቋልና ዛሬ ዝም አልልም።

ጨጓራዬን የላጠችው ታላቅ እህቴ ናት። እንዳትሳሳቱ፣ እህቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ተጣልቻት እገላገል ነበር። እሷ ግን ጎረቤት ሲታመም ቀድማ የምትደርስ፣ ያላትን አካፍላ የምታድር ሰው ናት። ደግ ሰውን መቆጣት እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል።

እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቁርጥራጭ ጨርቅ ስፌት ታስተምራለች። አሮጌ ቀሚስ፣ ያረጀ ሸሚዝ፣ የመጋረጃ ትርፍራፊ በአራት ማዕዘን ይቆረጥና ጎን ለጎን ይሰፋል። ከሥሩ ጥጥ ይነጠፋል፣ ከጥጡ ሥር ሌላ ጨርቅ ይደረባል፣ ሦስቱም አንድ ላይ በመርፌ ይያያዛሉ። ሲያልቅ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ድርብ ብርድ ልብስ ይሆናል። የምታስተምረው ከቤታችን ማዶ ባለው መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ ቅዳሜ ልጆች ስለሌሉ ትልቁን ክፍል ይሰጧታል። ወንበሮቹ ግን የልጆች ናቸው። ያን ሁሉ ትልቅ ሰው በዚያች ወንበር ላይ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ መርፌ ሲያሳድድ ማየት ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ የተሰፋውን በካውያ እተኩሳለሁ።

ለምን አትሰፊም አትሉኝም? አንድ እናት የወለደችን፣ አንድ ቤት ያደግን እህትማማቾች ነን። እሷ መምህር ስትሆን እኔ ቁልፍ እንኳን መትከል ሳልችል ፀጉሬ ሸበተ። ምክንያቱም በሕይወቴ መርፌ ይዤ ጥቂት ወጋ ወጋ ሳላደርግ “ስጪኝ እስቲ” ትላለች። እሰጣታለሁ። በደቂቃ ሰፍታ ትመልስልኛለች። ድስት ሳማስል “ስጪኝ”፣ ሽንኩርት ስከትፍ “ስጪኝ”፣ ትምህርት ቤት ሳለሁ ካርታ ስስል “ስጪኝ”! በካርታው አንደኛ ወጥቼ ተጨብጭቦልኛል። ዛሬ አንድ ወንዝ እንድስል ብትጠይቁኝ እባብ ነው የምስለው።

ተማሪዎቿም ከኋላዋ “እትዬ ስጪኝ” ይሏታል። ትምህርቱን ስትጀምር ደህና አድርጋ ነው የምትጀምረው። “ከጠርዙ የጥፍር ያህል ገባ ብላችሁ አስምሩ። በመስመሩ ላይ ስፉ። አትቸኩሉ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ትላለች። እንቁላሉ ገና እግር ሳያወጣ እሷው ትነሳለች። በወንበሮቹ መሀል እየዞረች የአንዷን ትቀበላለች፣ የሌላዋን ትተረትራለች። ያላለቀውን “እቤት አስተካክዬ አመጣላችኋለሁ” ብላ በቦርሳ ጠቅጥቃ ትወስዳለች። እሑድ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪናዋ ስትቸከችክ ትውላለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሁሉም ሥራ ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ አንድ ዓይነት ሆኖ ይመጣል። ሁሉም ያጨበጭባል። የማን እጅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

የመድኃኒት ቤቷን ልጅ ልንገራችሁ። ይህችን ትምህርት ለሁለተኛ ጊዜ ነው የምትማራት። በመጀመሪያው ዙር “የሰፋችውን” ብርድ ልብስ ሳሎን ሶፋዋ ላይ ዘርግታ ለአማቷ አሳየች። አማቷ ተደሰቱና “በይ የኔ ልጅ፣ ለኔም አንድ የትራስ ልብስ እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ስፊልኝ፣ እያየሁሽ ልደሰት” አሏት። ጉድ ፈላ! ልጅቷ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንኳን በቅጡ አትችልም። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ከመድኃኒት ቤቷ ፋሻ አምጥታ ደህናውን ጣቷን ጠቅልላ “ተቃጠልኩ” አለች። ፋሻዋን እንዳደረገች ክፍል መጥታ ይህንን እየሳቀች አወራችልን።

“ታዲያ አሁን ምን ልታደርጊ ነው?” አልኳት።

“እትዬ ይሰፉልኛላ! እሳቸው አይሰለቹ፣ እኔ አልደክም። ምን ችግር አለው?”

እህቴም ከወዲያ ሆና “አምጪው፣ አምጪው፣ የትራስ ልብስ ምን አላት!” አለች። የያዝኩት ካውያ ካልወረወርሽኝ አለኝ።

የዚያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ተናገርኳት። “እቴቴ፣ ሰዎቹ ሊማሩ ነው የመጡት። አንቺ ከሰፋሽላቸው ምን ሊማሩ?”

“ሰው አፍሮ እንዳይሄድ ብዬ ነው” አለች። “ጠማማ ስፌት ይዞ ቤቱ ሲገባ ባል ይስቃል፣ ልጅ ይስቃል፣ በዚያው መርፌውን ይጥላል። እናታችን የሰፋሁትን በእንግዳ ፊት እየተረተረች ‘ይሄ ስፌት ነው የአይጥ ንክሻ?’ ስትለኝ ረሳሽው? እኔ ሰው ፊት አላዋርድም። ቤቴ ወስጄ በዝምታ አስተካክላለሁ።”

“እናታችን እየተረተረች መልሳ ለአንቺ ነበር የምትሰጥሽ። አለቀስሽም ሳቅሽም፣ የሰፋሽው አንቺ ነሽ። ለዚህ የበቃሽውም በዚያ ነው።”

ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። እንዲያውም የያዝኩትን የጨርቅ ቦርሳ “አይመችሽም፣ ስጪኝ” ብላ ተቀበለችኝ።

አንድ ቅዳሜ በሩን አንኳኩተው አንድ ሽማግሌ ገቡ። ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ፣ የአንድ ጉዞ ዕቃ የሚይዝ ሻንጣ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ወዲያው “ጋሼ ሾፌር” አልናቸው። በዚያች የሕፃን ወንበር ላይ ሲቀመጡ ወንበሯ ሲጥ አለች።

“ይህቺ መኪና ጭነት አትችልም መሰለኝ” አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። “ሳቁ፣ ሳቁ። ሰፈሬም እየሳቀብኝ ነው። ሾፌር መርፌ ሲይዝ ካልተሳቀ መቼ ሊሳቅ ነው!”

ሻንጣቸው ውስጥ ያለውን ያሳዩኝ ለእኔ ነው፤ እህቴ በዚያን ሰዓት የሌላ ሰው ሥራ ቀምታ መስኮቱ ሥር ትተረትር ነበር። በጥንቃቄ የታጠፉ፣ ጎን ለጎን የተሰፉ ቁርጥራጮች ናቸው። የሾፌር ሸሚዝ ሰማያዊ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ባለ ካሬ፣ ከአበባማ ሽርጥ የተቆረጠ ቀይ። ስፌቱ ሁሉ በእጅ ነው፤ ወዲህ ይሄዳል፣ ወዲያ ይሄዳል።

“ቀስ ብለሽ ተኩሺልኝ” አሉ። “ባለቤቴ የሰፋችው ነው። ሞት አላስጨረሳትም። ሰማያዊው የኔ ነው፣ ባለ ካሬው የልጃችን፣ ሽርጡ የራሷ።”

“ጥሩ አድርገው ነው የያዙት” አልኩ።

“ይቺን እያት። ደህና ሄዳ ሄዳ እዚህ ጋ ወደ ግራ ትታጠፋለች። እዚህ ጋ ከኔ ጋር ስትጨቃጨቅ ነበር፤ ‘መንገድ ላይ ሆነህ ለምን አልደወልክም’ ብላ። ይቺ ደግሞ አንዷ ረጅም አንዷ አጭር ሆና ቁጭ ቁጭ ያለችው፣ መነጽር ከማሠራቷ በፊት ነው። ማን አስተማራት? ማንም። በራሷ ነው የጀመረችው።” አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ አሳለፉት። “ልጃችን ስታገባ ‘ለመጀመሪያው የልጅ ልጄ ነው’ ብላ ጀመረችው። አሁን ልጅቷ አርግዛለች። እናትየው የለችም። እንግዲህ የቀረውን እኔ መጨረስ አለብኝ። በራሴ እጅ። ለመግዛትማ ገበያው ሙሉ ብርድ ልብስ ነው።”

አንጀቴን በሉት።

ጋሼ ሾፌር እውነተኛ ተማሪ ሆኑ። ወፍራም ጣታቸው መርፌዋን ይውጣታል፤ ትወድቃለች፣ ይፈልጓታል፣ ያገኟታል። ክሩ ይቋጠራል፣ ምርር ብለው ይፈቱታል። የሰፉት እንደ ሚስታቸው ስፌት ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ግን ይይዛል። ወንበራቸውን ግድግዳ አስጠግተው፣ ፊታቸውን ወደ እኛ ጀርባቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ስለሚሰፉ እህቴ ከኋላ የምትመጣበት መንገድ አልነበራትም። እሷም ጥርሷን እንዳመማት ሰው ከሩቅ ታያቸዋለች።

“በዚህ አያያዛቸውማ ልጁ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሚስት አግብቶ ነው የሚደርስለት” አለችኝ።

“ይድረስ አይድረስ የሳቸው ጉዳይ ነው። እቴቴ፣ ስሚኝ፤ የሳቸውን እንዳትነኪ። የሚስታቸው እጅ አለበት።”

“ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልነካም!”

እኔ ደግሞ አመንኳት።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ሾፌር መሀል ላይ ተጠሩ። ልጃቸው ሐኪም ቤት ልትሄድ ነበርና እሳቸው ሊያደርሷት ይገባል። የራሳቸውንም የሚስታቸውንም ሥራ አንድ ላይ ጠቅልለው ሰጡኝና “ካውያ ብቻ” አሉኝ። “ተኩሰሽ አቆዪልኝ፤ ቀጣዩ ሳምንት መጋጠም እጀምራለሁ።” ቤት ወስጄ ተኩሼ፣ አጥፌ፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ አንድ የታመመች ጓደኛዬን ልጠይቅ ሄድኩ።

ስመለስ የስፌት መኪናው ድምፅ ከውጭ ተሰማኝ። ሳልገባ ልቤ አወቀው። እህቴ ሳሎን መሀል ቆማ፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ እናት አብርቶ፣ ሙሉውን ገጥማ ዘርግታዋለች። ቀጥ ያለ። ያማረ። በማስመሪያ የተለካ፣ ጠርዝ ጠርዙ በመቀስ የተስተካከለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመኪና የተሰፋ። ወለሉ ላይ የተተረተረ ክር ተከምሯል።

ክው አልኩ።

“ደስ አይላቸውም እንዴ? ከነድካማቸው ለምን ይንከራተቱ ብዬ ነው” አለች። “ከሳቸው ይልቅ ጨርቁ ራሱ አስቸግሮኝ! ሁሉም ተንሸዋሮ። አንድም ቀጥ ያለ የለም።”

“የሚስታቸውንስ?”

“የቱ ነው የሚስታቸው?”

“እቴቴ! የሰማያዊውን፣ የሽርጡን!”

“ሁሉንም ነው የተረተርኩት። ጠማማ ሁሉ የሳቸው መስሎኝ...” አለች። ወዲያው ግን አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ “ቢሆንስ? ሴትዮዋ ብትኖር እንዲህ አምሮ ብታየው አትደሰትም? የኔ እጅ መቼም አመድ አፋሽ ነው!” ብላ ተቆጣች።

እኔ ተንበርክኬ ክሩን ከወለሉ መልቀም ጀመርኩ። ነጩ ክር የጋሼ ሾፌር ነው፣ ነጩ ክር የሚስታቸውም ነው። ምን ሊለይ! እንዲሁ እንደ ቂል በእፍኜ ይዤው ቀረሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። እህቴ ሌሊቱን ያሰበችውን አላውቅም፣ ጠዋት ግን “ሲያዩት ይደሰታሉ፣ ታያለሽ” እያለች ራሷን አሳምና ሄደች። ብርድ ልብሱን በሁለቱ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ዘረጋችው። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ “እንዴት ታድለዋል!” አለች። ጋሼ ሾፌር ሻንጣቸውን መሬት አስቀምጠው ቀረቡ።

አላጨበጨቡም። መነጽራቸውን አደረጉ። አንዱን ስፌት በአውራ ጣታቸው ተከተሉት፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ አለቀ። ሌላውን ተከተሉ። ጠርዙን ገልብጠው ከውስጥ በኩል አዩ። ከዚያ ዞረው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዱና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ።

“የሷስ የታለ?” አሉ።

“ሁሉም አለ ጋሼ” አለች እህቴ። “አንድም ጨርቅ አልተጣለም። ስፌቱን ብቻ ነው ያስተካከልኩልዎት።”

“ጨርቁንማ እኔም አውቀዋለሁ። ሸሚዙን ለብሼዋለሁ። እኔ የምልሽ የሷ እጅ የታለ?”

እህቴ የተገለበጠውን ጠርዝ መለሰች። ሰው ሲጨንቀው የማይባለውን ይላልና “ጋሼ፣ የእርስዎና የእሳቸው አልለይ አለኝ። ሁሉም ጠማማ ነበር” አለች።

ጋሼ ሾፌር ቀና ብለው አዩዋት።

“አዎ” አሉ። “እሷም ጀማሪ ነበረች።”

ሻንጣቸውን አንስተው ወጡ። ብርድ ልብሱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ማንም አልነካውም። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጣቷ ላይ ያለውን ፋሻ መፍታት ጀመረች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እናንተ አሁን እህቴ የተማረች መስሏችኋል። ቤት ስንገባ አለቀሰች፣ እውነት ነው፣ ከልቧ አለቀሰች። እኔም አባበልኳት፤ የሚስታቸውን ስፌት ታሪክም ነገርኳት። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ጠዋት ከመኝታ ቤቴ ስወጣ ምን ሳይ ጥሩ ነው! ከመዋዕለ ሕፃናቱ ያመጣችውን ብርድ ልብስ ፊቷ ዘርግታ፣ የመኪናውን ስፌት ተርትራ፣ በእጅ መርፌ አጣምማ እየሰፋች ነው!

“ምን እያደረግሽ ነው?” አልኩ።

“እንደነበረው ልመልስላቸው ነው። ወደ ግራ ይታጠፋል ብለሽኝ የለ? ይኸው አጣመምኩት።”

ያኔ ፈነዳሁ። “አንቺ ሴት! እጅሽን መቼ ነው ከሰው ሥራ ላይ የምታነሺው? ቀጥ አድርገሽም አንቺ፣ አጣምመሽም አንቺ! የሞተች ሴት ከባሏ ጋር የተጨቃጨቀችበትን ስፌት አንቺ ልትጨቃጨቂላት ነው? እኔን አንድ ቁልፍ እንኳን አላስተከልሽኝም፤ ታግሼ ኖርኩ። አሁን ደግሞ የሰው ሐዘን ‘ስጪኝ’ ትያለሽ?”

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው እውነት ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ነግሬያት ያልገባትን የነገራት የራሷ መርፌ ነው። የሰፋችውን ጠማማ ስፌት አየችው። ጠማማነቱ ራሱ ቀጥ ያለ ነበር፤ እያንዳንዱ ወጋ እኩል፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ የታሰበበት። የሰለጠነ እጅ ውሸት አለበት። መርፌዋን አስቀመጠች።

“አልችልም” አለች። እንደዚያ ቀስ ብላ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። “የሷን እጅ እኔ መሥራት አልችልም።”

ከዚያ አንዱን ሰማያዊ ቁራጭ አንስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ምን እንደምታይ ገረመኝና ተከተልኳት። ያረጀ ጨርቅ አይረሳም። የተተረተረው ስፌት የነበረበት ቦታ ላይ፣ የሴትዮዋ መርፌ የወጋበት ቀዳዳ ተደርድሮ ብርሃን ያሳልፋል። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ሄዶ ሄዶ ወደ ግራ ይታጠፋል። በጥቂቶቹ ቁራጮች ላይ ግን የለም፤ እህቴ ጠርዙን ስታስተካክል በመቀስ ቆርጣ ጥላዋለች። ያ አይመለስም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

“ቀዳዳውን እየተከተልኩ በእርሳስ ምልክት ላድርግላቸው?” አለችኝ።

“አትንኪው። ጠቅልይው። እንሄዳለን።”

የጋሼ ሾፌርን በር የከፈተችው ልጃቸው ናት፤ ሆዷ ገፍቶ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ስታየን ፊቷ ተለወጠ።

“አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌ አልነካም” አለች። “የእናቴን መነጽር ወደ መሳቢያ መልሶታል። በእሷ መነጽር ነበር የሚሰፋው፤ እዚያ አልነገራችሁም?” ወደ እህቴ ዞረች። “እርስዎ ጥሩ ያደረጉለት ይመስልዎታል አይደል? እኔ ያንን ብርድ ልብስ ቀጥ ስላለ አልነበረም የምጠብቀው። ልጄ አያቷን የምታገኝበት ሌላ ነገር የላትም።”

እህቴ እንደ ልማዷ “ለደግ ብዬ ነው” ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። “ልክ ነሽ የኔ ልጅ” አለች።

ጋሼ ሾፌር ሳሎን ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ ወይም የሚያዳምጡ ለመምሰል ይሞክራሉ። እህቴ ቆማ ተናገረች። “ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ። ያልሰጡኝን ነው የወሰድኩት። የባለቤትዎን ክር ጥያለሁ፤ አንዳንዱንም ጠርዝ ቆርጫለሁ፤ እሱን መመለስ አልችልም። ግን የቀረ አለ፣ ይዩት።” ቁራጩን አቀበለቻቸውና ወደ መስኮቱ አሳየቻቸው።

ተቀብለው ያዙት። ጨርቁን በብርሃን ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያደርጉ ቀዳዳዎቹ ብቅ ጥልቅ አሉ።

“ይኸው” አሉ በመጨረሻ ለልጃቸው። “ስትጨቃጨቀኝ።”

ልጅቷ አፏን ያዘች። ከዚያ ሄዳ መሳቢያውን ከፈተችና መነጽሩን አመጣች።

የቀረውን የመኪና ስፌት ራሳቸው ተረተሩ። እህቴ በፈጣን እጇ ወዲያው የምትጨርሰውን እሳቸው አንዱን መስመር ሲተረትሩ ሻያችን ቀዘቀዘ። እህቴ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ቀብራ ተቀምጣለች። ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ ደግሞ እሷን እጠብቃለሁ፤ ስንት ዓመት የማውቃት ሴት ናት! ጋሼ ሾፌር ክር አስገብተው በመጀመሪያው የሚስታቸው ቀዳዳ መርፌውን አሳለፉት። ቀጥሎ በሁለተኛው። መሀል ላይ ክሩ ተቋጠረ። ፈቱት፣ እንደገና ተቋጠረ። ላባቸውን ጠረጉና ሥራውን ወደ እህቴ ዘረጉላት።

“በይ እስቲ መምህርት፣ አንዴ ፍቺልኝ። አንቺ ታውቂበታለሽ።”

እህቴ እጇን ከጭኗ ሥር አወጣች። ወደ ጨርቁ አየች። መልሳ አስገባችው።

“አይ ጋሼ” አለች። “መርፌውን መጀመሪያ ያስለቅቁት። ቋጠሮውን አይሳቡት፣ በመርፌው ጫፍ ላላ ያድርጉት። ቀስ ብለው። እኔ እጠብቃለሁ።”

ላላ አደረጉት። ተፈታ። በሕይወቴ እህቴ ስታስተምር ያየሁት ያኔ ነው።

ብርድ ልብሱ ለወሊድ አልደረሰም፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። የልጅ ልጃቸው ስትወለድ የተጠቀለለችው ከሱቅ በተገዛ ነው። የአንድ ሰው ችኮላ ያጠፋውን ሌላው ሰው ወራት ሙሉ ሲጠግነው ከረመ። ያለቀው ሕፃኗ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ነው። ቀዳዳው በተረፈበት ቦታ ላይ ጋሼ ሾፌር የሚስታቸውን መንገድ እየተከተሉ ሰፉ፤ ጠርዙ የተቆረጠበት ቦታ ላይ እንደመሰላቸው ሰፉ።

ሥራው ባለቀበት ቅዳሜ ልጃቸው ሕፃኗን ታቅፋ አብራቸው መጣች። በካውያ ተኩሼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ልጅቷ በጣቷ እየተከተለች “አባዬ፣ ይሄ የእማዬ መንገድ ነው?” አለች።

ጋሼ ሾፌር መነጽሩን ከፍ አድርገው ጎንበስ አሉ። ጨርቁን ገለበጡት፣ መለሱት፣ ብርሃን ላይ ያዙት።

“እንጃ ልጄ” አሉ። “የሷም ይሁን የኔ፣ እኔም መለየት አቃተኝ።” ይህን ብለው ከት ብለው ሳቁ፣ ስቀው ሳይጨርሱ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ከጀማሪ እጅ ሥራ ስትቀበሉ ሥራውን ብቻ የምትቀበሉ አይምሰላችሁ። ሰው በሠራው ነገር ላይ ራሱን ይተዋል፤ በደንብ ባልሠራው ላይ ደግሞ የበለጠ። አሳዩት፣ ንገሩት፣ ሲያስፈልግም ተቆጡት። ሥራውን ግን ለባለቤቱ ተዉለት። ማን ለመጨረሻ ጊዜ እየሰፋ እንደሆነ አናውቅም።